የዳርዊን ኦርኪድ

የዳርዊን ኦርኪድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ አንግሬኩም ሴስኲፔዳሌ፣ በማዳጋስካር ደሴት ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ በዛፍ ላይ የሚበቅል የኦርኪድ ዝርያ ነው። ከደሴቲቱ ውጭ በየትኛውም አገር በተፈጥሮ አይገኝም። ኮከብ የሚመስሉ ትልልቅ ነጭ አበቦች አሉት። ከእያንዳንዱ አበባ ኋላም ወደ 30 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሎ ይታያል። የአበባው ቀሰም ማለትም ነፍሳት የሚመጡለት ጣፋጭ ፈሳሽ የሚገኘው በዚህ ቱቦ የታችኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ተክሉ በሥነ ሕይወት ታሪክ ውስጥ የታወቀው በዚሁ ቱቦ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 የአበባውን ቅርጽ መርምሮ፣ በማዳጋስካር እጅግ ረጅም ምላስ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት ሲል ተነበየ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለች ነፍሳት በደሴቲቱ ታይታ አታውቅም ነበር። ትንበያው ከ41 ዓመት በኋላ፣ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ እውነት ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜና ምደባ

ተክሉ የሚመደበው ኦርኪዳሴ በተባለው የኦርኪዶች አስተኔ ውስጥ ነው። ይህ አስተኔ ወደ 28,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ስለሚይዝ በአበባ ተክሎች ዘንድ ከሁሉ ከሚበዙት ሁለት አስተኔዎች አንዱ ነው። ወገኑ አንግሬኩም ይባላል፤ ከ200 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በማዳጋስካርና በአካባቢዋ ደሴቶች፣ የቀሩትም በአፍሪካ ምድር ይገኛሉ። አንግሬኩም የሚለው ስም የተገኘው «አንግሬክ» ከሚለው የማላይ ቋንቋ ቃል ነው። ቃሉ በዚያ አገር በዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች መጠሪያ ነው።

ሴስኲፔዳሌ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ «አንድ ጫማ ተኩል የሚሆን» ማለት ነው። አንድ ጫማ ወደ 30 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ስሙ 45 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመትን ያመለክታል። የአበባው ርዝመት ከላይኛው ቅጠሉ ጫፍ አንሥቶ እስከ ቱቦው መጨረሻ ሲለካ ከዚህ መጠን ጋር ይቀራረባል።

ተክሉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሉዊ ማሪ ኦቤር ዱ ፕቲ ቱዋር ነው። ቱዋር በ1798 ተክሉን በማዳጋስካር አገኘው፤ መግለጫውን ግን ያሳተመው በ1822 ነው። ሕያው ተክል ወደ እንግሊዝ የደረሰው በ1855 ሲሆን፣ ያመጣውም በማዳጋስካር የነበረው ሚስዮናዊ ዊልያም ኤሊስ ነው። በ1857 በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ።

ተክሉ የሚታወቅባቸው ሌሎች የተለመዱ ስሞችም አሉ። ነጩ አበባ ከነቱቦው ጅራት ያለው ኮከብ ስለሚመስል «ጅራታም ኮከብ ኦርኪድ» ይባላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ የመስተዋት ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ በገና ሰሞን ስለሚያብብም «የቤተልሔም ኮከብ ኦርኪድ» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

መገኛ

የዳርዊን ኦርኪድ የሚኖረው በምሥራቅ ማዳጋስካር ቆላማ አካባቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ይህ የደሴቲቱ ክፍል ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ በቀጥታ የሚደርስበት ስለሆነ፣ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ዝናብ ያገኛል። አየሩም ሞቃትና እርጥበት ያለው ነው።

ተክሉ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ መካከል ከመብቀል ይልቅ የጫካውን ዳር ይመርጣል። ቅጠላቸው የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፉና ነፋስ የሚያገኛቸው ዛፎች ይመቹታል። በግንዱ ወይም በወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። አንዳንድ ጊዜም በድንጋይ ላይ በቅሎ ይገኛል።

በዛፍ ላይ መኖር

በዛፍ ላይ እየበቀሉ ዛፉን ግን የማይመገቡ ተክሎች በሥነ ሕይወት «ኤፒፋይት» ይባላሉ። በአማርኛ «ተቀጽላ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በሌላ ተክል ላይ ለሚበቅል ማንኛውም ተክል ይነገራል። ሆኖም በሁለት ዓይነት ተቀጽላዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንደኛው ዓይነት ሥሩን በዛፉ አካል ውስጥ ሰዶ ውኃውንና ማዕድኑን የሚመጥ ጥገኛ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ኤፒፋይት፣ ዛፉን የሚጠቀምበት እንደ መቆሚያ ብቻ ነው። ምግቡን ራሱ ይሠራል፤ ውኃውን ከዝናብና ከጤዛ፣ ማዕድኑንም በቅርፊት ላይ ከሚጠራቀም ትቢያና ከበሰበሰ ቅጠል ያገኛል። የዳርዊን ኦርኪድ ከሁለተኛው ዓይነት ነው። ከዓለም ኦርኪዶችም አብዛኞቹ ኤፒፋይት ናቸው።

ይህ አኗኗር ጥቅምም ችግርም አለው። ጥቅሙ ተክሉ ረጅም ግንድ ለማብቀል ጉልበት ሳያባክን፣ በጫካው ወለል ላይ የማይገኘውን ብርሃን ማግኘቱ ነው። ችግሩ አፈር አለመኖሩ ነው። ዝናብ ባቆመ በሰዓታት ውስጥ ቅርፊቱ ይደርቃል። ስለዚህ በዝናባማ ጫካ ውስጥ የሚኖር ኤፒፋይት እንኳ በየቀኑ እንደ በረሃ ተክል ጥማትን መቋቋም አለበት። የዳርዊን ኦርኪድ ሥርና ቅጠል ቅርጽ በዚህ ምክንያት የመጣ ነው።

ሥር

የተክሉ ሥሮች ወፍራምና ግራጫ ሲሆኑ፣ ከግንዱ ጎን እየወጡ በቅርፊት ላይ ተለጥፈው ይሄዳሉ ወይም በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ቅርፊቱን አጥብቀው ስለሚይዙ ተክሉን በጉልበት ለማላቀቅ የሚሞክር ሰው ሥሮቹን ይበጥሳቸዋል እንጂ በቀላሉ አያነሣቸውም።

እያንዳንዱ ሥር «ቬላሜን» በተባለ ሽፋን ተጠቅልሏል። ቬላሜን ውስጣቸው ባዶ ከሆኑ የሞቱ ሕዋሶች የተሠራ ሲሆን፣ እንደ ስፖንጅ ውኃን በፍጥነት ይመጥጣል። ሥሩ ሲደርቅ የሕዋሶቹ ክፍተት በአየር ስለሚሞላ ነጣ ያለ ግራጫ መልክ ይይዛል። ሲረጥብ ግን ሽፋኑ ብርሃን ማሳለፍ ስለሚጀምር ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ሐመልሚል ይታያል። ይህ አረንጓዴነት እንደሚያሳየው የኤፒፋይት ኦርኪድ ሥር ውኃ ከመሳብ በተጨማሪ በብርሃን አስተጻምሮ ምግብ ለመሥራትም ያግዛል። የቬላሜን ሌላው ጥቅም ሥሩ ያገኘውን ውኃ በትነት ቶሎ እንዳያጣ መከላከል ነው።

ግንድና ቅጠል

የዳርዊን ኦርኪድ አንድ ግንድ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ግንዱ ከጫፉ እየቀጠለ ወደ ላይ ያድጋል። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ዓመት የኖረ ተክል ወደ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በሌሎች ብዙ ኦርኪዶች ላይ የሚታየው ውኃ የሚያጠራቅም ያበጠ የግንድ ክፍል በዚህ ዝርያ የለም። ውኃ የሚጠራቀመው በቅጠሎቹና በሥሮቹ ውስጥ ነው።

ቅጠሎቹ በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ተደርድረው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ከ20 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ቆዳ የመሰለ ነው፤ ጫፉም ለሁለት የተከፈለ ነው። መልኩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሲሆን ግራጫ ቅልቅል ይታይበታል። በዋናው ዝርያ ሥር የሚመደብና በደቡብ ማዳጋስካር የሚገኝ ቀጭን ቅጠል ያለው ዓይነትም አለ።

እንዲህ ያሉ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ብዙ የዛፍ ላይ ኦርኪዶች ውኃን የሚቆጥቡበት የተለየ ዘዴ አላቸው። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ፣ በዚያው ቀዳዳ ውኃ በትነት ይወጣባቸዋል። እነዚህ ኦርኪዶች ግን ቀዳዳዎቻቸውን የሚከፍቱት አየሩ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ነው። ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ በማግሥቱ የፀሐይ ብርሃን ሲመጣ ቀዳዳዎቹን ዘግተው ምግብ ይሠሩበታል። ቁልቋልና አናናስም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

አበባ

በማዳጋስካር ተክሉ የሚያብበው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከቅጠሎቹ ብብት በሚወጣ ዘንግ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት የሚደርሱ አበቦች ይወጣሉ። አበባው ሲፈነዳ መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ከዚያም በቀናት ውስጥ እየነጣ ሰም የተቀባ የሚመስል ነጭ ይሆናል። ካልተራከበ ለሳምንታት ሳይጠወልግ ሊቆይ ይችላል።

እንደ ማንኛውም ኦርኪድ ሦስት ሴፓሎችና ሦስት ፔታሎች አሉት። ሴፓሎች የአበባው ውጫዊ ቅጠሎች ሲሆኑ፣ ፔታሎች ውስጣዊዎቹ ናቸው። በዚህ ዝርያ ሦስቱ ሴፓሎችና ሁለቱ ፔታሎች ሁሉም ነጭና ሹል ስለሆኑ ተለይተው አይታወቁም፤ አንድ ላይ ሆነው የኮከብ ቅርጽ ይሠራሉ። እያንዳንዳቸው ከ7 እስከ 9 ሴንቲሜትር ይረዝማሉ። ሦስተኛው ፔታል «ከንፈር» ይባላል። ይህ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ፣ እንደ ዛጎል ጎድጎድ ያለና ጫፉ የሾለ ነው። ረጅሙ ቱቦ የሚጀምረው ከከንፈሩ ሥር ነው።

ቱቦው አረንጓዴ መልክ ያለው ሲሆን፣ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ27 እስከ 43 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ዳርዊን የለካቸው አበቦች ቱቦ 29 ሴንቲሜትር ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ቀሰም የነበረው ከታች ባለው 4 ሴንቲሜትር በማይሞላ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ቀሪው 25 ሴንቲሜትር ባዶ መንገድ ነው። የዝርያው ታሪክ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ባዶ መንገድ ላይ ነው።

በአበባው መካከል «ዓምድ» የሚባል አጭርና ወፍራም አካል አለ። በሌሎች አበቦች ተለያይተው የሚገኙት የወንዴና የሴቴ ክፍሎች በኦርኪዶች ዘንድ በዚህ ዓምድ ላይ አንድ ሆነዋል። የወንዴው ብናኝም እንደ ሌሎች አበቦች የሚበተን ዱቄት አይደለም። በሁለት ጠጣር ጥቅሎች ተቋጥሮ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ጥቅሎቹ «ፖሊኒያ» ይባላሉ። ፖሊኒያዎቹ ከሚያጣብቅ አካል ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ አበባውን የነካ ነፍሳት ላይ ተለጥፈው ይሄዳሉ።

አበባው በቀን ብዙም አይሸትም። ሲመሽ ግን ጠንካራና ጣፋጭ ሽታ መስጠት ይጀምራል። ነጭ መልክ፣ የሌሊት ሽታና ረጅም ቱቦ አንድ ላይ ሲገኙ፣ አበባው የሚጠብቀው ጎብኚ ንብ ወይም ወፍ ሳይሆን በጨለማ የምትበር የእሳት እራት መሆኗን ያመለክታሉ። ነጭ ቀለም በጨለማ ይታያል፤ ሽታም ከሩቅ ይመራል።

የዳርዊን ትንበያ

ዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» የተባለውን መጽሐፉን በ1859 ካሳተመ በኋላ ትኩረቱን ወደ ኦርኪዶች አዞረ። በ1862 መጀመሪያ ላይ ጄምስ ቤትማን የተባለ ታዋቂ የኦርኪድ አልሚ የልዩ ልዩ ኦርኪድ አበቦችን ላከለት። ከእነዚህ መካከል የአንግሬኩም ሴስኲፔዳሌ አበቦች ይገኙ ነበር። ዳርዊን በቱቦው ርዝመት እጅግ ተደነቀ።

ጥያቄው ቀሰሙን የሚጠጣው ማን ነው የሚል ብቻ አልነበረም። ፖሊኒያዎቹ እንዴት ከአበባው እንደሚወጡም ማወቅ ፈለገ። መርፌና ቀጭን ፀጉር ወደ ቱቦው እያስገባ ሞከረ፤ ፖሊኒያዎቹ ግን አልወጡም። በመጨረሻ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ዘንግ በዓምዱ ሥር ባለው ስንጥቅ በኩል እስከ መጨረሻው ገፍቶ ሲያወጣው፣ ፖሊኒያዎቹ ተጣብቀው ወጡ። ከዚህም በመነሣት፣ ፖሊኒያዎቹ የሚነቀሉት ጎብኚዋ ምላሷን እስከ ሥሩ አስገብታ የመጨረሻዋን ጠብታ ለመድረስ ስትገፋ ብቻ ነው ሲል ደመደመ። ቱቦው አጭር ቢሆን ኖሮ ቀሰሙን ከሩቅ ጠጥታ፣ ዓምዱን ሳትነካ በሄደች ነበር።

በዚያው ዓመት ባሳተመው ኦርኪዶች በነፍሳት አማካይነት ስለሚራከቡበት መንገድ በሚገልጸው መጽሐፉ፣ በማዳጋስካር ምላሷ ከ25 እስከ 28 ሴንቲሜትር ያህል የሚዘረጋ የእሳት እራት መኖር አለባት ብሎ ጻፈ። አንዳንድ የነፍሳት ተመራማሪዎች በሐሳቡ ተሣለቁ።

በ1867 የአርጋይል መስፍን ጆርጅ ካምቤል፣ እንዲህ ያለ ውስብስብ አሠራር በተፈጥሯዊ ምርጫ ሊገኝ አይችልም በማለት ዳርዊንን ተቃወመ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ራስል ዋላስ ለዳርዊን ጥብቅና ቆሞ መልስ ጻፈ። ዋላስ በአፍሪካ የምትገኘውን ዛንቶፓን ሞርጋኒ የተባለች ትልቅ የእሳት እራት ምላስ ለክቶ 19 ሴንቲሜትር ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በማዳጋስካር ከዚህ ጥቂት የሚረዝም ምላስ ያላት ብትገኝ አያስደንቅም አለ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ኔፕቱን የተባለችውን ፕላኔት በስሌት ተማምነው ፈልገው እንዳገኟት ሁሉ፣ ማዳጋስካር የሚሄዱ ተመራማሪዎችም ይህችን የእሳት እራት በእርግጠኝነት ሊፈልጓት እንደሚገባ አስገነዘበ።

የእሳት እራቷ መገኘት

በ1903 ዋልተር ሮትስቻይልድና ካርል ጆርዳን ስለ ስፊንክስ የእሳት እራቶች ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ውስጥ ከማዳጋስካር የተገኘችውን የዛንቶፓን ሞርጋኒ ንዑስ ዝርያ ገለጹ። ስሟንም «ፕሬዲክታ» አሏት፤ ትርጉሙ «የተተነበየችው» ማለት ነው። ምላሷ ለዳርዊን ኦርኪድ ቱቦ የሚበቃ ርዝመት አለው። በማትጠጣበት ጊዜ እንደ ሰዓት ጥምዝ ሽቦ ተጠቅልሎ ከራሷ ሥር ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ተስማሚ ምላስ ያላት ነፍሳት መገኘቷ አበባውን በእርግጥ እንደምትጎበኝ ማረጋገጫ አይደለም። ይህ የታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1992 ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሉትስ ዋሰርታል የእሳት እራቷ ከአበባው ስትጠጣና ፖሊኒያ ይዛ ስትሄድ ተመለከተ። ከትንበያው እስከዚህ ምልከታ ድረስ 130 ዓመት አልፏል።

አመጣጧ እንዲህ ነው። የእሳት እራቷ በሽታው ተመርታ ወደ አበባው ትቀርባለች፤ ከዚያም ጥቂት ወደ ኋላ ትመለስና በአየር ላይ ሆና የተጠቀለለውን ምላሷን ትዘረጋለች። የምላሷን ጫፍ ወደ ቱቦው አፍ አነጣጥራ ወደ ፊት ትበርና ታስገባዋለች። ጠጥታ ስትወጣ የምላሷ ሥር በዓምዱ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚያልፍ ፖሊኒያ ይለጠፍባታል። ወደ ሌላ አበባ ስትሄድ ያንኑ ፖሊኒያ በዚያኛው አበባ የሴቴ ክፍል ላይ ትተወዋለች።

በ2021 ተመራማሪዎች የማዳጋስካሯን የእሳት እራት ከአፍሪካዋ ጋር በዘረ መልና በአካል ቅርጽ አወዳድረው፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ሲሉ አሳወቁ። አሁን የምትጠራው ዛንቶፓን ፕሬዲክታ በሚል ስም ነው። በዚሁ ጥናት የተለካ የአንድ ወንድ ምላስ 28.5 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኝቷል።

ቱቦው ለምን ረዘመ?

ለቱቦው ርዝመት ሁለት ዋና ዋና ማብራሪያዎች ቀርበዋል። የመጀመሪያው የዳርዊን ነው። በእሱ አስተያየት አበባውና የእሳት እራቷ አንዱ ሌላውን እየገፋ ለብዙ ዘመናት ተሽቀዳድመዋል። ከምላሷ ጥቂት የሚረዝም ቱቦ ያላቸው አበቦች እሷ ይበልጥ ተጠግታ እንድትገፋ ስለሚያስገድዷት በተሻለ ሁኔታ ይራከባሉና ብዙ ዘር ይተዋሉ። በሌላ በኩል ረጅም ምላስ ያላቸው የእሳት እራቶች የበለጠ ቀሰም ያገኛሉ። በየትውልዱ ቱቦው ሲረዝም ምላስም ይረዝማል።

የስዊድኑ ተመራማሪ አንደርስ ኒልሰን በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ በአገሩ የሚገኙ ኦርኪዶችን ቱቦ በማሳጠር ይህን ሐሳብ ፈተሸ። ቱቦአቸው ያጠረ አበቦች በርክበ ብናኝ ረገድ ውጤታቸው ዝቅ አለ። ይህም ረጅም ቱቦ ለተክሉ በእርግጥ ጥቅም እንዳለው አሳየ።

ሁለተኛው ማብራሪያ የዋሰርታል ነው። እሱ እንደሚለው የእሳት እራቶች ምላስ በመጀመሪያ የረዘመው በአበባ ምክንያት ሳይሆን በጠላት ምክንያት ነው። በአበቦች ላይ ተደብቀው የሚጠብቁ ሸረሪቶች ጎብኚዎችን ይይዛሉ። ምላሷ ረጅም የሆነች የእሳት እራት ከአበባው ርቃና በአየር ላይ እየተወዛወዘች ስለምትጠጣ ታመልጣለች። አበቦቹም ቆይተው ራሳቸውን ከዚህች ጎብኚ ጋር አስማሙ። በ2007 በሰሜን አሜሪካ በሚበቅሉ አኲሌጂያ በተባሉ አበቦች ላይ የታተመ ጥናት፣ የቱቦ ርዝመት ቀስ በቀስ ሳይሆን ጎብኚው በሌላ ሲተካ በደረጃ እንደሚያድግ አመልክቷል።

ሁለቱ ማብራሪያዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የአበባው ቅርጽ ያለ ጎብኚዋ ትርጉም የለውም። ዳርዊን አንድን እንስሳ ሳያየው መተንበይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬና ዘር

አበባው ከተራከበ በኋላ ነጮቹ ቅጠሎች ይጠወልጋሉ፤ ከአበባው ሥር ያለው የሴቴ ክፍልም ወደ ፍሬ ያድጋል። ፍሬው ሲደርቅ ተሰንጥቆ እንደ ዱቄት የደቀቁ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች ይለቃል። ነፋስም ከዛፍ ወደ ዛፍ ያደርሳቸዋል።

የኦርኪድ ዘር እንደ ባቄላ ወይም ስንዴ ዘር ለጽንሱ የሚሆን ስንቅ አልያዘም። ለመብቀል ተስማሚ ፈንገስ ማግኘት አለበት። ፈንገሱ ወደ ዘሩ ገብቶ የመጀመሪያውን ምግብ ያቀርብለታል። ይህን ጉዳይ በ1899 የደረሰበት ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነው። ከብዙ ሺህ ዘሮች ጥቂቶቹ ብቻ የሚበቅሉትም ተስማሚ ቅርፊት፣ ተስማሚ እርጥበትና ተስማሚ ፈንገስ በአንድ ቦታ መገናኘት ስላለባቸው ነው።

በሰው እጅ ማልማት

በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን የኦርኪድ ዘርን ያለ ፈንገስ ስኳርና ማዕድን ባለበት ንጹሕ ጄል ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ይህ ዘዴ ኦርኪዶችን ከጫካ ሳይነቅሉ በብዛት ለማልማት መንገድ ከፈተ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጡት የዳርዊን ኦርኪዶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ከዘር የለሙ ናቸው።

ተክሉ በሞቃትና እርጥበት ባለው ቦታ፣ አየር በሚያዘዋውር ሸካራ ቅርፊት ላይ ይለማል። ሥሩ ሲነካካ ወይም ሲሰበር በጣም ስለሚጎዳ ከዕቃ ወደ ዕቃ ማዛወር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ድረስም ዓመታት ይወስዳል። በ1899 ከአንግሬኩም ኢቡርኒየም ጋር ተዳቅሎ «አንግሬኩም ቪቺ» የተባለ ድቅል በእንግሊዝ ተገኝቷል፤ ይህ ድቅል እስከ ዛሬ ድረስ በአልሚዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው።

አደጋና ጥበቃ

ዳርዊን በ1862 ከትንበያው ጋር አንድ ማስጠንቀቂያም ጽፎ ነበር፤ እነዚያ ታላላቅ የእሳት እራቶች ከማዳጋስካር ቢጠፉ ኦርኪዱም አብሮ እንደሚጠፋ ገለጸ። ተክሉ ረጅም ዕድሜ ስላለው ጎብኚዋ በጠፋች ማግሥት አይሞትም። አበቦቹ ግን ሳይራከቡ ይረግፋሉ፤ ያረጁት ሲሞቱም የሚተካቸው አይኖርም። ስለዚህ አንድ ጫካ በአበባ ተሞልቶ እየታየ ዝርያው በውስጡ እያለቀ ሊሆን ይችላል።

በአሁኑ ጊዜ ዋናው አደጋ የመኖሪያ ቦታ መጥፋት ነው። የምሥራቅ ማዳጋስካር የቆላና የባሕር ዳርቻ ደኖች ለእርሻ ተመንጥረውና ተቃጥለው፣ ለከሰልና ለጣውላም ተቆርጠው በእጅጉ ቀንሰዋል። ለኤፒፋይት የዛፍ መቆረጥ ማለት መሬቱ ከሥሩ እንደ መንሸራተት ነው። የእሳት እራቷም በአባጨጓሬነቷ ጊዜ የምትመገባቸው ተክሎች የሚገኙት በዚሁ ደን ውስጥ ነው። በመሆኑም አበባውን ብቻ ለይቶ በመከለል ዝርያውን መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው አደጋ ተክሎችን ከጫካ ነቅሎ መሸጥ ነው። ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ መቆጣጠሪያ ስምምነት (ሳይተስ) የተመዘገቡ ናቸው። የዳርዊን ኦርኪድ በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ከአገር ለማውጣት ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ተመሳሳይ ዝርያዎች

በማዳጋስካር ማዕከላዊ ክፍል አንግሬኩም ሎንጊካልካር የተባለ እጅግ ብርቅ የሆነ ዘመድ ይገኛል። ቱቦው እስከ 40 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ፣ አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ጂን ክሪትስኪ በ1991 የዳርዊንን አካሄድ ተከትሎ፣ ከዛንቶፓን ፕሬዲክታ የሚበልጥ ምላስ ያላት ሌላ የእሳት እራት መኖር አለባት ሲል ተንብዮአል።

በኢትዮጵያም የቅርብ ዘመድ የሆነ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የተባለ የዛፍ ላይ ኦርኪድ አለ። ይህ ዝርያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያም ይበቅላል። እንደ ዳርዊን ኦርኪድ ኮከብ የሚመስሉ ነጭ አበቦች አሉት፤ በሌሊት ይሸታል፤ ቱቦውም ከ12 እስከ 20 ሴንቲሜትር ሊረዝም ይችላል። በመሆኑም እሱም የሚጠብቀው ረጅም ምላስ ያላቸውን የእሳት እራቶች ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥበታማ ደኖች የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናት፣ ደኑ ሲቆራረጥና ለቡና ተብሎ ሲመነጠር በዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች ዓይነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ትልልቅና ያረጁ ዛፎች በጥላነት ቆመው የሚቆዩባቸው ቦታዎች ለእነዚህ ተክሎች መጠለያ ናቸው።